የሊበን ላርክ እየቀነሰች መሆኑን በምን እናውቃለን? የቆጠራው ጉዳይ

ሜዳ ቆጣሪ ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከነገሌ ቦረና ወጣ ብሎ ባለው የሊበን ሜዳ ስለምትኖረው ትንሽ ወፍ፣ ስለ ሊበን ላርክ፣ እዚህ ብዙ ጊዜ ተነስቷል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወሬው "አይተናታል"፣ "የለችም" ተባብሎ ያልቃል። እኔ ማንሳት የፈለግኩት ቁጥሯ በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሄደና ይህንን በምን እንዳወቅን ነው። ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለማያውቃት በአጭሩ ልንገር። ከሊበን ሜዳ የመጀመሪያው ናሙና የተገኘው በ1968 ነው። ፈረንሳዊው ክርስቲያን ኤራር በ1975 አዲስ ዝርያ ናት ብሎ ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዞር ብሎ ያያት ሰው ጥቂት ነበር። በ2009 ግን ለመጥፋት በጣም የተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ገባች። በዋናው የአፍሪካ ምድር በተመዘገበ ታሪክ መጀመሪያ የምትጠፋው ወፍ እሷ ልትሆን ትችላለች ተብሎ የተጻፈውም ያኔ ነው።

ቁጥሩ ይኸው። ከ2007 እስከ 2019 ባለው ጊዜ ተመራማሪዎች ዘጠኝ ጊዜ ሜዳው ላይ ቆጠራ አድርገዋል። በ2007 የሚዘምሩ ወንዶች ግምት 279 ነበር። በ2013 ወደ 51 ወረደ። ከዚያ ወዲህ የተገኙት ወፎች በጣም ጥቂት ስለሆኑ ግምት ማውጣት እንኳ አልተቻለም። ይህን ሳነብ እውነት ለመናገር ደረቴን ከበደኝ።

ለምን ወንዶቹ ብቻ እንደተቆጠሩ ልንገራችሁ። ወንዱ ሲዘምር ከሣሩ መሐል ብድግ ይልና ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ ቆም ይላል፣ ያችኑ አጭር ዜማ ይደጋግማል፣ ከዚያ ሣሩ ውስጥ ዘልቆ ይጠፋል። መሬት ላይ ካለ ግን አጠገቡ ቆማችሁም ላታዩት ትችላላችሁ። ጀርባው የደረቀ ሣር መልክ አለው። አንገቱን ቀጥ አድርጎ በእግሩ ሮጥ ሮጥ ይላል እንጂ ቶሎ አይበርም። ሴቷማ ጭራሽ አትታይም። ጎጆዋንም የምትሠራው መሬት ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ሥር ደብቃ ነው። ስለዚህ ያለን አስተማማኝ ነገር የወንዱ ዜማ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሜዳው ላይ እርሻ የታየው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ ለም በሆነው መረሬ አፈር ላይ ብቻ ነበር። ከ2008 ጀምሮ ወደ ቀዩ አፈር ተሻገረ። በ2019 ከሜዳው ከሲሶ በላይ የሚሆነው ታርሶ ነበር። የቀረው ደግሞ ወይ ከብት በዝቶበት ተራቁቷል፣ ወይ ቁጥቋጦ ወርሶታል። ወፏ ባዶ መሬትም ቁጥቋጦም አትወድም። የምትፈልገው ሣር ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እነዚያ ዘጠኝ ቆጠራዎች ባይደረጉ ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚኖረው "ድሮ ብዙ ነበረች" የሚል ወሬ ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ ማን ይቆጥራል? እንዴት አድርጎ?

---

የነገሌ ልጅ ጻፈ፦

ወንድሜ ሜዳ ቆጣሪ፣ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ። ግን ስለ ወፏ ስታወራ ስለ ሰዉም አብረህ አውራ።

ሊበን ሜዳ የከብት አገር ነው። ድሮ ከብቱ ዝናብን ተከትሎ ይዘዋወር ነበር፣ አንድ ቦታ ላይ አይከርምም። ሣሩም በጊዜው ይቃጠል ነበር፣ ቁጥቋጦው እንዳይበረታ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ በመላው ቦረና ግራሩና ቁጥቋጦው እየገባ ግጦሹን አጠበበው። ሰውም እየሰፈረ መጣ፣ መንቀሳቀሻው ጠበበ። ከብቱ የት ይሂድ?

በዚያ ላይ ድርቁ መጣ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈ። ከብቱ እዚያው መንገድ ዳር ወድቆ ቀረ። የአባወራ ሀብት በሙሉ አለቀ። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ዘንድ ሄደህ "ወፏ ስንት ቀረች?" ብትለው ሊከፋው ይችላል። መብቱም ነው።

ግን የወፏና የከብቱ ጉዳይ አንድ ነው። ካሎ የምትባለዋን ነገር ታውቃላችሁ። ማኅበረሰቡ ተስማምቶ ለጥጃና ለደካማ ከብት የሚያቆየው፣ ለክፉ ቀን የሚጠብቀው ሣር ነው። ሜዳው ላይ ትልልቅ ካሎዎች እንደገና ሲከለሉ ሣሩ ቶሎ ነው የተነሳው። ወፏም እዚያ ናት። ከዚያ በፊትም ለጥቂት ዓመታት ከብት ሳይገባበት የቆየ አንድ ቦታ ነበር። በከባድ ድርቅ ወቅት እንኳ ሣሩን አላጣም። ስለዚህ ሁሉንም በሰማይ ላይ ማላከክ አይቻልም። መሬቱ ትንሽ ፋታ ካገኘ ይነሳል።

ስለዚህ ቆጠራ የምትሉ ከሆነ ሣሩንም ቁጠሩ። ያኔ ሽማግሌውም "ይህ የኔም ጉዳይ ነው" ይላል።

---

የባዮሎጂ መምህር ጻፈ፦

አንድ ነገር አልገባኝም። ግምቱ በ2007 279፣ በ2013 51 ነው። ግን ሜዳውን በሙሉ ያዳረሰ ሰው የለም። 279 የሚል ቁጥር ከየት መጣ? ተማሪዎቼ ቢጠይቁኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

---

ዳታና ወፍ ጻፈ፦

መምህር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሥራዬ ከቁጥር ጋር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ቆጣሪው ሜዳው ላይ ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል። ወፍ ሲያይ ወይም ሲሰማ "አንድ" ብሎ ብቻ አያልፍም። ወፉ ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚርቅም ይለካል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ እግርህ ሥር ያለው ወፍ አያመልጥህም፣ ርቆ ያለው ያመልጥሃል። ርቀቶቹ ሲሰበሰቡ፣ ከመስመሩ እየራቅን ስንሄድ የሚገኘው ወፍ በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ ይታያል። ከዚያ በመነሳት ሳይታይ የቀረው ስንት እንደሆነ ይሰላል። በመጨረሻ በተሄደበት ቦታ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስንት ወፍ እንዳለ ይወጣና በሜዳው ስፋት ይባዛል።

ሁለት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ርቀቱ የሚለካው ወፉ መጀመሪያ ከታየበት ቦታ ነው። ይህ ላርክ እየዘመረ ከቦታ ቦታ ሊሄድ ስለሚችል፣ ዘግይተህ ከለካህ ሒሳቡ ይዛባል። ሁለተኛው፣ ያው ወፍ ሌላ ቦታ ተነስቶ ሲዘምር እንደ አዲስ እንዳይቆጠር ነው።

አሁን ዋናው ነጥብ። 279 የግምቱ መሐል ነው። ዳርቻው ከ182 እስከ 436 ነው። የ2013ቱ 51 ደግሞ ከ14 እስከ 144 ነው። ክፍተቱ ሰፊ ነው፣ አዎ። ግን ሁለቱን አስተያዩ። የ2013 የላይኛው ጫፍ 144 ነው። የ2007 የታችኛው ጫፍ 182 ነው። አይገናኙም። ለ2013 በጣም ቸር ሆነን፣ ለ2007 በጣም ቆጣቢ ሆነን ብናሰላ እንኳ ወፏ ቀንሳለች። ይህንን ለተማሪዎችዎ ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር አስምረው ቢያሳዩአቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። የምንቆጥረው ዘማሪ ወንድ ነው። በብዙ የወፍ ዝርያዎች ዘንድ ጥንድ ያላገኘ ወንድ ካገኘው ይልቅ አብዝቶ ይዘምራል። ሊበን ላይ ሴቶቹ ከወንዶቹ ያነሱ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተመራማሪዎቹ ቀደም ብለው ጠርጥረዋል። እንዲያ ከሆነ ሜዳው በዜማ ሞልቶ ጎጆው ባዶ ሊሆን ይችላል። 51 ዘማሪ ማለት 51 ጥንድ ማለት አይደለም።

---

የባዮሎጂ መምህር ጻፈ፦

አሁን ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ታዲያ በየዓመቱ መቁጠር ለምን ያስፈልጋል? በየአምስት ዓመቱ አንድ ጊዜ ቢደረግ አይበቃም? ወጪውም ይቀንሳል።

---

ሊድስ ያለሁ ጻፈ፦

መምህር፣ ይህንን እኔ ልመልስ። እዚህ እንግሊዝ በወፍ ቆጠራ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። የአገር ቤቱን ጉዳይ ሁሌ የማስበው ከዚህ ሥራ ጋር አያይዤ ነው።

እዚህ አገር አሁን ያለው ዓመታዊ ቆጠራ የተጀመረው በ1994 ነው። ከሱ በፊት ሌላ ነበር፣ እሱ ከ1962 ጀምሮ ይካሄድ የነበረ። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ በዕጣ ይደርስሃል። አንተ አትመርጥም። ወፍ የሞላበት ጫካም ይሁን ምንም የሌለበት እርሻ፣ የደረሰህን ትወስዳለህ። በፀደይ ሁለት ጊዜ በጠዋት ትሄዳለህ፣ ሁለት መስመር ትጓዛለህ፣ ወፉን ከነርቀቱ ትጽፋለህ። በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ትመለሳለህ።

በየዓመቱ የሆነበት ምክንያት ወፍ በተፈጥሮው ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው። አንድ ክረምት ብርዱ ከከፋ ትንንሾቹ ወፎች ክፉኛ ይቀንሳሉ፣ ከዚያ በሁለት ሦስት ዓመት ያገግማሉ። ሊበን ላይ ደግሞ ዝናቡ አለ። በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ሄደህ ያ ዓመት ደረቅ ቢሆንብህ ወንዶቹ ዝም ይላሉ፣ አንተም "አለቀች" ብለህ ትመለሳለህ። ጥሩ ዝናብ ቢገጥምህ ደግሞ "አገገመች" ትላለህ። ሁለቱም ሐሰት ሊሆን ይችላል። በ2001 እዚህ የአፍተግር በሽታ ገብቶ ገጠሩ ተዘጋ፣ አብዛኛው ቦታ ሳይቆጠር ቀረ። መረጃው አሁንም ያ ዓመት ላይ ተበጥሶ ይታያል። ሆኖም ከፊትም ከኋላም ብዙ ዓመት ስላለ መስመሩ ይነበባል። ጥቂት ነጥብ ብቻ ቢኖር ኖሮ አንዷ ስትጎድል ሁሉም ይጨልም ነበር።

ሌላ ከዚህ የተማርኩት፣ የቆጣሪው ጉዳይ ነው። አሜሪካኖቹ ከ1966 ጀምሮ በመኪና መንገድ ዳር ይቆጥራሉ። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ላይ 50 ቦታ ይቆማሉ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ለሦስት ደቂቃ። ስሌታቸው ውስጥ ማን እንደቆጠረ ይገባል። አዲስ ቆጣሪ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ብዙ ወፍ ያመልጠዋል። በሁለተኛው ዓመት ጆሮው ይከፈታል። ያንን ካላገናዘብክ ወፉ የጨመረ ይመስልሃል፣ የጨመረው ግን የሰውየው ችሎታ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ቀጭን ድምፅ መስማት ያቅተዋል፣ ያኔ ወፉ የቀነሰ ይመስላል። ስለዚህ የቆጣሪው ስም ከቅጹ ላይ እንዳይቀር።

አንድ ልጨምር። ዊሎው ዋርብለር የምትባል ትንሽ ዘማሪ አለች፣ ከምሥራቅ በኩል የሚመጡት ወገኖቿ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋሉ። እዚህ በደቡብ እንግሊዝ ክፉኛ ቀንሳለች። በስኮትላንድ ግን ጨምራለች። የአገሩን አንድ ቁጥር ብቻ ብታይ ይህ አይታይህም። ሊበንም ላይ መረሬውንና ቀዩን፣ ካሎውንና ክፍት ግጦሹን ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል።

---

አስጎብኚ ጻፈ፦

የአስጎብኚዎችን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ብዙ ሰው ኢበርድን፣ ወፍ ያየ ሁሉ ያየውን የሚያስገባበትን የኢንተርኔት መዝገብ፣ እየጠቀሰ "ኢበርድ ላይ በየዓመቱ ትመዘገባለች፣ ስለዚህ አለች" ይላል። አለች፣ ልክ ነው። ግን የመዝገቡን አመጣጥ እኛ እናውቀዋለን።

እንግዳው ከሩቅ የመጣው ለዚህች ወፍ ነው። ያለን አንድ ጠዋት ነው። ስለዚህ ሜዳውን አናስስም። ባለፈው ጊዜ ወደታየችበት ቦታ በቀጥታ እንሄዳለን። ቦታው ከጠፋ በስልክ ተጠያይቀን ወደ ቀጣዩ እንሄዳለን። ሜዳው በግማሽ ቢያንስ፣ ወፎቹ ከመቶ ወደ አሥር ቢወርዱ፣ የኛ መዝገብ ላይ የሚጻፈው ያው ነው፦ "ታየች"። የመጨረሻዋ ወፍ እስክትሞት ድረስ "ታየች" እየተባለ ሊቀጥል ይችላል።

ይህ ማለት የኛ መዝገብ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ግን ስንት ሰዓት እንደፈለግን፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄድን፣ የት ፈልገን እንዳጣን ካልጻፍን ለአዝማሚያ አይሆንም። ከእንግዶቼ ጋር ስሄድ መንገዱን በጂፒኤስ መያዝና ያጣሁበትን ቦታም መመዝገብ እችላለሁ። ሌሎች ባልደረቦቼም ይህን ቢያደርጉ ደስ ይለኛል።

ደግሞ አደራ፣ ድምፅ ቀድታችሁ እያጫወታችሁ አትጥሩት። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ይደክማል። ቆጠራውንም ያበላሻል።

---

ከጅግጅጋ ጻፈ፦

ሁላችሁም ሊበን ሊበን ትላላችሁ፣ እኛም አለን እኮ።

እንግሊዛዊው ጄፍሪ አርቸር ከ1918 እስከ 1922 ባሉት ዓመታት ወጃሌ አካባቢ፣ ሶማሌላንድ ውስጥ፣ የዚህችን ወፍ ናሙናዎች ሰብስቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ እዚያ ተፈልጋ አልተገኘችም። ጅግጅጋ አጠገብ ግን ተገኘች። በ2013 በታተመ ጥናት ዘረመሏ ሲመረመር የሊበኗም፣ የጅግጅጋዋም፣ የጥንቱ ናሙናም አንድ ዝርያ መሆናቸው ታወቀ። ለዚህ ነው ሳይንሳዊ ስሟ አሁን ሄተሮሚራፍራ አርቸሪ የሆነው።

በሁለቱ ቦታዎች መካከል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። አንዱ ቢጠፋ ከሌላው መጥቶ የሚተካው የለም። እዚህም እርሻው እየሰፋ ነው። የወጃሌዋን ቀድሞ የቆጠራት ሰው ስላልነበረ መቼና እንዴት እንዳለቀች መናገር የሚችል የለም። ጅግጅጋ ላይ ያ እንዳይደገም የመነሻ ቁጥር አሁኑኑ መያዝ አለበት። በምንም ዘዴ ብትቆጥሩ እዚህም በዚያው ዘዴ ይሁን፣ ያለዚያ ሁለቱን ማወዳደር አይቻልም።

---

ሜዳ ቆጣሪ ጻፈ፦

ልብ የሚያሞቅ መልስ ነው የሰጣችሁኝ፣ በእውነት። የተነጋገርነውን ይዤ እንዲህ ላስቀምጠው።

መስመሮቹ ቋሚ ይሁኑ። የድሮዎቹ ቆጣሪዎች ከሄዱባቸው ቦታዎች ጋር እንዲገጥሙ እንሞክር፣ ያለዚያ የ2007ቱን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ማስተያየት ይቸግረናል። አሁን የታረሰውም መስመር ውስጥ ይቆይ። "እዚያማ ምን ይገኛል" ብለን ካወጣነው ጥሩ ጥሩው ብቻ ይቀርና ሜዳው ደህና የሆነ ይመስላል።

ጊዜው የሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲነሳ ነው። ቀኑን በካሌንደር ብቻ አንቁረጥ፣ ዝናቡን እንከተል። ዝናቡ መቼ እንደጀመረም ይጻፍ። ሰዓቱ ጠዋት ነው፣ ነፋሱ ሳይነሳ። ነፋስ ካለ ዜማው አይሰማም፣ ያን ቀን መተው ይሻላል።

ዜሮ ይጻፍ። ይህን አጥብቄ የምለው አለምክንያት አይደለም። ወፍ ሳያገኝ የተመለሰ ሰው ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል፣ ወይም ጭራሽ አያስገባም። ከዓመታት በኋላ ያ መስመር ተሄዶ ወፍ ጠፍቶ ይሁን፣ ወይስ ጭራሽ ሳይሄድበት ቀርቶ፣ ማንም አያውቅም። ዜሮ የተጻፈበት ቅጽ 10 ከተጻፈበት እኩል ዋጋ አለው።

የነገሌ ልጅ ያልከውን ተቀብያለሁ። በየመስመሩ ላይ ቋሚ ነጥቦች ይኖሩና በየዓመቱ ከዚያው ቦታ፣ ወደዚያው አቅጣጫ የሣሩ ፎቶ ይነሳል። ባዶ መሬቱ፣ ሣሩ፣ ቁጥቋጦው፣ እርሻው ምን ያህል እንደሆነ ይመዘገባል። ይህንን ለሽማግሌዎቹ በየዓመቱ ማሳየት ይቻላል። ወፏን የማይወድ ቢኖር እንኳ የግጦሹን ፎቶ አይቶ ዝም የሚል የለም።

መረጃው የት ይቀመጥ ለሚለው፣ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 ጀምሮ ያለ ነው፣ ወፎች ላይም ሲሠራ የቆየ ነው። እነሱን ማነጋገር የመጀመሪያው እርምጃ ይመስለኛል። ቅጂው ነገሌም ይቅር። የሜዳው መረጃ ከሜዳው ሰው እጅ መውጣት የለበትም።

ዳታና ወፍ፣ አንድ ልጠይቅህ። ወፎቹ በጣም ጥቂት ከሆኑ የርቀት ስሌቱ አይሠራም ብለሃል?

---

ዳታና ወፍ ጻፈ፦

እንደዚያ አላልኩም፣ ግን እውነት ነው። ርቀቱን አስልቶ የሚያመልጠውን ለመገመት በርከት ያለ ወፍ ያስፈልጋል፣ በአብዛኛው በብዙ አሥር የሚቆጠር። ከ2013 በኋላ የሆነው ይኸው ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት ነገር ማድረግ ይቻላል። አንደኛ፣ ርቀቱን የሁሉንም ዓመት አንድ ላይ ሰብስቦ ማስላት። ሁለተኛ፣ ያንኑ መስመር በአንድ ወቅት ደጋግሞ መሄድና ወፍ ስንት ጊዜ ተገኘ፣ ስንት ጊዜ ታጣ ብሎ መያዝ። ስንት ወፍ እንዳለ ባይነግረንም ከሜዳው ምን ያህሉ ላይ እንዳለች ይነግረናል። ለአዝማሚያ ይበቃል። ቅጹን ላኩልኝ፣ ዓምዶቹን እኔ አስተካክላለሁ።

---

የነገሌ ልጅ ጻፈ፦

እኔ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቀድሜ እነጋገራለሁ። ካሎ ውስጥ ያለፈቃድ አይገባም፣ በተለይ ጥጃ በገባበት ጊዜ። ስለዚህ መስመራችሁ ካሎ የሚቆርጥ ከሆነ ካርታውን አስቀድማችሁ ላኩልኝ።

ቅጹ ደግሞ በኦሮምኛም ይዘጋጅ። በየዓመቱ እዚያ የሚገኘው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ሳይሆን ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው። የወፉን ዜማ ከሁላችንም በፊት የሚሰማውም እሱ ነው። እሱ ይሠልጥን፣ ለድካሙም ይከፈለው።